የሁለተኛው ጠረጴዛ እግሮች

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በኋላ «ምነው ይቺ ሴትዮ ፊቷን አጨማደደችብን» እንዳትሉኝ። የሌላ ሰው የፍቅር ታሪክ ሲጀመር ልብ ይመታል፣ ጉንጭ ይቀላል። የኔ ሲጀመር ወገቤን ያመኛል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በአንድ እጄ ትልቁን ስቴፕለሬን ይዤ፣ ብብቴ ሥር ጥቅል ስፖንጅ ሸጉጬ አንድ አረንጓዴ የብረት በር ፊት ቆሜያለሁ። ደወሉን መጫን ግን አቅቶኛል።

ሶፋ የማለብስ፣ መጋረጃ የምሰፋ ሴት ነኝ። አርባን ተሻግሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መቁጠር ትቻለሁ። ከዚህ በር ጀርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የወደድኩት ሰው አለ። ዛሬ የመጣሁት ልሰናበተው ነው። ከሰዓት በኋላ ፒካፕ ይመጣል። የስፌት መኪናዬን ከሱቄ ጭኖ እዚህ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ እኔም ከሹፌሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ወንድሜ ወዳለበት ሩቅ ከተማ እሄዳለሁ። እዚያ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የስፌት ክፍሉን ምሪልን ብሎኛል። ጥሩ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይላል። እሱም ብሏል።

ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ወሬውን የነገርኩት ቀን ብርጭቆ ወረቀት ይዞ አንድ ሳንቃ እያለሰለሰ ነበር። «ወንድሜ ሥራ አግኝቶልኛል፤ ልሄድ ነው» አልኩት። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ አንዲት ቃል ትውጣው ብዬ ጠበቅሁ። «ጥሩ ነው» አለና ወደ ሳንቃው ተመለሰ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እንባውም አልቋል፣ የቀረኝ ድካሙ ነው።

እሱ የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። የሚያስተምርበት የሙያ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቱ ግቢ ውስጥ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ወርክሾፕ ላድርገው አለ። አባቱ በሕይወት ሳሉ «ነገ አስጠግናታለሁ» እያሉ ያቆሟት መኪና እዚያው ውስጥ ዝጋ ቀርታ ነበር። እሷን ለብረት ገዢ ሰጥተው፣ የቆርቆሮውን መጠለያ አፍርሰው፣ ከመሠረቱ አዲስ ክፍል ሠሩ። የብሎኬት ግድግዳ፣ ሰፊ መስኮት፣ ወለል ብሎ የሚከፈት በር ያለው፤ ሲሚንቶው ገና የሚሸት ወርክሾፕ።

ግንባታው አለቀ። አላልቅ ያለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መደርደሪያው ሁለተኛውን ቀለም እየጠበቀ ነው። መሳቢያዎቹ ልክክ ብለው ይገባሉ፤ እጀታ ስለሌላቸው ግን በካቻቪቴ ጫፍ ነው የምንጎለጉላቸው። የመሣሪያ መስቀያው ሰሌዳ መሰቀል ሲገባው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሰውዬው እጅ ወርቅ ነው፤ ብቻ የመጨረሻዋን ነገር አይነካትም። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ነገ የሚል ስም አውጥቶለታል፣ እኔም በዚያው ነው የምጠራው። እሱ ደግሞ እኔን መርፌ ይለኛል። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ደወሉን ተጫንኩ።

የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። ድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፤ ጎረቤቱም ባለሱቁም ዛሬም ዳይሬክተሯ ነው የሚላቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጫማሽን ጥረጊ» አሉ።

«እሺ እትዬ።»

«በጎን በኩል እለፊ። ሳሎኑ ተወልውሏል።»

ሁልጊዜ ተወልውሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስመላለስ ያ ሳሎን አንድ ቀን ደርቆ አያውቅም። ውስጡን የማውቀው ሶፋቸውን ላለብስ የገባሁ ጊዜ ነው፤ ልጃቸውንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ሜትሬን ስዘረጋ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አስፈለገኝ፣ እሱ መጥቶ ያዘልኝ። ለክተን ስንጨርስ አልለቀቀም። «አለቀ እኮ» ስለው «እስቲ አረጋግጪ» አለኝ። ደግሜ ለካሁ። እንደገና አረጋግጪ አለ፣ እንደገና ለካሁ። ቀና ስል ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ሁሉ ነገር ገብቷቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎኑ እርጥብ ሆነ።

ክፉ ሴት ናቸው አልልም። አንድ ልጅ አስተምረው፣ ዲግሪ አሸክመው፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሶፋ ሰፊ ስትወስድባቸው እልል እንዲሉ አልጠብቅም። ባለፈው ወር ያደረጉትን ግን ባያደርጉት ደስ ባለኝ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሻይ ጠሩ። መለሎ ናት፣ ድምጿ እንኳ ረጅም ነው። ሻይዋን ሳሎን ጠጥታ ስታበቃ ወርክሾፑን አሳያት ተባለ። እኔ ጥግ ላይ ተንበርክኬ የበርጩማ መቀመጫ አለብሳለሁ፤ እጄ ላይ ኮላ፣ ፀጉሬ ላይ የስፖንጅ ብናኝ። ሴትዮዋ ሥዕል መሣል ትወዳለች አሉ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ እጇን ጣል አደረገችበትና «ውይ፣ ይሄ ለኔ ልክ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ደረቴ ጋ ይደርሳል፤ እሷ ክንዷን ብቻ አሳረፈችበት። እሱም ፈገግ አለላት። ፈገግ!

ያ ሁለተኛው ጠረጴዛ ዕንቆቅልሼ ነበር። የራሱ የሥራ ጠረጴዛ አለው፤ ተቧጭሮ፣ ተቀጥቅጦ፣ ኮላ ፈሶበት የኖረ። ሁለተኛውን ግን ካለው እንጨት ሁሉ ምርጡን መርጦ፣ ፊት እስኪያሳይ ልጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ አቆመው፤ ማንም አይሠራበትም። ለማን ነው ስለው «ገና ነው» ይለኛል። ከረጅሟ በኋላ መጠየቅ ትቻለሁ።

ጫማዬን ጠርጌ በጎን በኩል አለፍኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

*

«መጣሽ?» አለኝ።

«አልመጣሁም፣ ጥላዬ ነው።»

ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። ዓይኑ ቀልቷል። ሰጋቱራ ገብቶበት ነው ብዬ አለፍኩት፤ ሌላ ነገር ካሰብኩ አልሄድም።

«ስማ ጋሽ ነገ፤ ይሄ ወርክሾፕ ዛሬ ያልቃል። ጨርሼልህ ነው የምሄደው። እጀታዎቹን አምጣ።»

«የትኞቹን?»

«ካርቶን ውስጥ ያስተኛሃቸውን ነዋ! አሁን እንኳ ቀስቅሳቸው።»

አመጣ። እኔ ድሪሉን ያዝኩ፣ እሱ መሳቢያውን ያዘ። «ትንሽ ወደ ግራ» አለ። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ስትል እኮ ነው ዕድሜያችን ያለቀው» አልኩና በሳሁት። አንዱን ስንጨርስ ሌላውን፣ ሌላውን ስንጨርስ ቀጣዩን። እጀታ ሲገባላቸው ምን እንደሚያምሩ! እኔ ግን እያንዳንዱን ብሎን ሳጠብቅ እዚህ ቤት የምመጣበት አንድ ሰበብ በእጄ እየዘጋሁ እንደሆነ ይሰማኛል።

ቀጥለን ሰሌዳውን ለመስቀል ተነሳን። ከባድ ነው፤ እሱ በአንድ ወገን እኔ በሌላው ይዘን ወደ ላይ ገፋነው። እጃችን ሁሉ ተይዞ ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ከቅንድቡ ላይ አንዲት የእንጨት ፍቅፋቂ ተንጠልጥላለች። ሌላ ቀን ቢሆን እፍ ብዬ አነሳለት ነበር። አየኋት፣ አየኝ፣ ሁለታችንም አልተነፈስንም። «ያዝከው?» አልኩት። «ያዝኩት» አለኝ። ብሎኑ ጠበቀ፣ ሰሌዳው ተሰቀለ፣ ፍቅፋቂዋ እዚያው ቀረች።

መደርደሪያውን ሁለተኛ ቀለም ቀባነው። የበሩን መወርወሪያ ገጠምን። እሱ መዶሻ፣ መላጊያና መጋዞቹን አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ሰቀለ። ቦታው ሥርዓት ያዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀ ቤት መሰለ። እኔም ጨርቅ አርጥቤ አቧራ ልጠርግ ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ያንን ተይው!» አለኝ።

ድምፁ ከፍ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም።

«እሺ» አልኩ። «የሰው ዕቃ አልነካም።»

«የሰው?» አለ ግራ ገብቶት።

የቀረኝ አንድ የበርጩማ መቀመጫ ነው፤ እሱን ጨርሼ ልሂድ ብዬ ጨርቄን እንደ ልማዴ መሬት ላይ ዘረጋሁና ተንበረከክሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የቆረጥኩት። የተከራየኋት ሱቅ ጠባብ ናት፤ ለጠረጴዛ የሚሆን ቦታ የላትም፤ ወለሉ ነው ጠረጴዛዬ። መስመሩን በሳሙና አስምሬ መቀስ ላነሳ ቀና ስል ወገቤ ቀጥ አለብኝ። ላነባ ምንም አልቀረኝም። እሱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ክንዴን ደግፎ አቆመኝ።

«ተወኝ» አልኩት ክንዴን ነጥቄ። «ለምጄዋለሁ።»

«እኔ ግን አልለመድኩትም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ወዲያው ፊቱን አዞረ። እኔም ስሜቱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ሰለቸኝ፤ ሁለት ዓመት ስጠይቅ ኖሬያለሁና።

*

የፒካፑ ጥሩምባ ጮኸ። ሹፌሩ የወንድሜ ሚስት ዘመድ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «እህቴ፣ መንገዱ ሩቅ ነው!» እያለ ከውጭ ይጣራል። ጨርቁን ሳልቆርጠው ጠቅልዬ ስቴፕለሬን አነሳሁ።

«በል እንግዲህ» አልኩት።

«በይ እንግዲህ» አለኝ።

እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ተጨባበጥን፤ እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል! ተራምጄ በሩ ጋ ደረስኩ። እዚያ ስደርስ ግን መታገሥ አቃተኝ። ዞርኩበት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህና ልሂድ። ጠረጴዛዋን መቼ ነው የምታስረክባት?»

«ለማን?»

«ለረጅሟ ነዋ! ለኔ ልክ ነው አላለችም? አንተስ አልሳቅህላትም?»

አፉን ከፍቶ አየኝ። እውነቴን ነው፣ ሰውዬው ምን እንደምል አልገባውም።

«መርፌ፣ ምን ነካሽ? እሱ እኮ ለማንም ልክ አይደለም። እግሩ አልተቆረጠም።»

«አልተቆረጠም ማለት?»

«እንጨቱ ሲመጣ እንደነበረው ነው ቁመቱ።» ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰው። «የሚሠራበት ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ እጁን ወደ ታች ለቅቆ፣ አንጓው ጋ ምልክት ሳይደረግ እግር አይቆረጥም። ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው እሱን ነው። በግምት ከተቆረጠ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ያጎነብሳል። እሷ ለኔ ልክ ነው ስትል ያሳቀኝ ይሄው ነው፤ ለቀጭኔ እንኳ የሚበቃ ነው እኮ።»

«እና የማን እጅ ነው የሚጠበቀው?»

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ።

«ያንቺ» አለኝ።

ስቴፕለሩን መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ ከእጄ ሳይወድቅ በፊት። እኔ መጋረጃ ስሰፋ የታችኛውን ጠርዝ አላጥፈውም። መስኮቱ ላይ ሰቅዬ፣ ወለሉን ነክቶ እንዳይጎተት አይቼ ነው የማጥፈው። ደንበኛ መጥቶ «ይሄማ ረዘመ» ሲለኝ «እርሶ ቤት ገና አልተሰቀለም እኮ» ብዬ እስቅበታለሁ። እኔው ራሴ ያልታጠፈ ጠርዝ አይቼ ያለቀ መጋረጃ ነው ብዬ ወር ሙሉ ስብሰለሰል ኖርኩ።

«አንድ ቀን ሱቅሽ መጥቼ ነበር» አለ። «መሬት ላይ ጨርቅ ስትቆርጪ አየሁሽ። ስትነሺ ግድግዳውን ይዘሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብዙ ቆምሽ። እኔን አላየሽኝም። ከደጅ ተመለስኩና በነጋታው ያን እንጨት ገዛሁ።»

«ታዲያ ቁሚ ልለካሽ አትለኝም? አንዲት ቃል እኮ ናት!»

«ቁሚ ካልኩሽ እቆርጠዋለሁ። ከቆረጥኩት ለሌላ ሰው አይሆንም። እዚህ ግቢ አንቺ ከሌለሽ ምን ላደርገው ነው? እምቢ ብትዪኝ እየኝ እያለ በየቀኑ ፊቴ ይቆማል። ፈራሁ። እውነቱ ይሄ ነው፣ ፈራሁ።»

«ልሄድ ነው ስልህ ጥሩ ነው አልከኝ!»

«ምን ልበልሽ? ሥራሽን ተይ ልበል? እዚህ ቤት የሚያዝ ሰው ሞልቷል፣ እኔ ደግሞ ሌላ አዛዥ ልሁንብሽ? ጥሩ ነው ያለው አፌ ነው። ሂጂና ያን ሳንቃ እዪው።»

ሳንቃው ጥግ ላይ ነበር። እጄን አሳለፍኩበት። መሃሉ ጎድጉዷል። እኔ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ፈግፍጎ፣ ፈግፍጎ፣ እንጨቱን አሳስቶታል። ልጆች እንኳ እንዲህ ያለ ጥፋት አያጠፉም፤ እሱ ደግሞ መምህራቸው ነበር።

«መሳቢያዎቹስ?» አልኩ።

«እጀታ ከገባላቸው ምን ብዬ እጠራሻለሁ? ሰሌዳው ከተሰቀለ ምኑን ያዢልኝ እላለሁ? ዛሬ ጠዋት ሁሉን ስትጨርሺብኝ...» አልጨረሰውም። «ጠረጴዛውን አስረክቤሽ ነበር ልጠይቅሽ ያሰብኩት። ባዶ እጄን መጠየቅ ከበደኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የወደድኩት ባዶ እጅህን እኮ ነው፣ አንተ ድንጋይ!»

ጮህኩበት። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ሰው ደስታ ይሰማዋል ይባላል። እኔ የተሰማኝ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ድካም ነው። እሱም የራሱ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ቀረ። ሁለት የደከሙ ሰዎች ተያየን፤ መውደዴን ከዚያን ሰዓት በላይ አውቄው አላውቅም።

*

«እሺ ጋሽ ነገ» አልኩት። «ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ነገ የሚባል ነገር የለም።»

ሄጄ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። ጀርባዬን አቃንቼ እጄን ወደ ታች ለቀቅሁ።

«ለካ።»

እርሳሱን ከኪሱ አወጣ። ጎንበስ ሲል እስትንፋሱ እጄ ላይ አረፈ። የእርሳሱ ጫፍ አንጓዬን ነካ አድርጎ እንጨቱ ላይ አንዲት መስመር አሰመረ። ጠመመችበት፤ ደግሞ አሰመረ። ምን ያህል ዝቅ ያለች መስመር ናት! እንዲህ አጭር መሆኔን እስከዚያን ቀን አላወቅሁም።

ጠረጴዛውን ገልብጠን እግሩን ወደ ሰማይ አደረግነው። መጋዙን አሳርፎ ሲስብ ግን ጠረጴዛው አብሮት ተንሸራተተ። በአንድ ወገን እኔ ያዝኩለት፣ በሌላው በኩል ዞረ። አልሆነም። ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

«ይሄ ሰውዬ ደጄ ላይ ምን ያንባርቅብኛል?»

ዳይሬክተሯ ናቸው። በሩ ላይ ቆመዋል። የተሰቀለውን ሰሌዳ፣ እጀታ ያላቸውን መሳቢያዎች፣ የተገለበጠውን ጠረጴዛ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«እግሩን ልትቆርጥ ነው?» አሉት።

«አዎ እማዬ።»

«በሷ ልክ?»

«በሷ ልክ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር አይቻቸው አላውቅም፤ ዓይናቸው የልጃቸው ነው፣ የደከመ።

«እንግዳዬ ለኔ ልክ ነው ስትል ኪስህን ነበር የማየው» አሉ። «እርሳስህን አላወጣህም። የራስህን ጠረጴዛ የቆረጥክ ጊዜ አንጓህ ጋ ምልክት ያደረግሁልህ እኔ ነኝ፤ ሕጉን አውቃለሁ። ለማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልኩ።» ወደኔ ዞሩ። «አልዋሽሽም። ለልጄ ያሰብኩት አንቺን አልነበረም። ገና አልለመድኩሽም። ግን ደከመኝ። ባሌ መኪናዋን ነገ፣ ነገ እያለ ሞተ። እኔ በመስኮት ያችን የዛገች ብረት እያየሁ አረጀሁ። አሁን ደግሞ ልጄ እግሩ ባልተቆረጠ ጠረጴዛ ፊት ሲያረጅ ልይ? ይበቃኛል።»

መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

«ቶሎ በሉ፣ ወገቤን ያመኛል» አሉ።

«እኔንም እትዬ» አልኩ፣ ሳላስበው።

እሱ መጋዙን ሳበ። ሰጋቱራው በዳይሬክተሯ ጥቁር ጫማ ላይ ይዘንባል፣ አላራገፉትም። የመጀመሪያው እግር ቁራጭ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛው ወደቀ። አራተኛው ላይ መጋዙን አሳርፎ ቆመ። ግንባሩ ላብ ብቻ ሆኗል።

«ትንሽ ልረፍና...»

«አባትህም እንዲሁ ነበር የሚለኝ!» አሉ እናቱ።

መጋዙን ከእጁ ወሰድኩት። መጋዝ ይዤ አላውቅም፤ ግን ጨርቅ ቆርጬ አውቃለሁ፣ መስመር ላይ መሄድ አያቅተኝም ብዬ ጀመርኩ። እንጨት ጨርቅ አይደለም ለካ። ሲያቃስት፣ ሲነክስ፣ ሲያንገራግር፣ እኔም አብሬው ሳቃስት ቆይቶ ወደቀ። ገልብጠን አቆምነው። ዳይሬክተሯ በአንድ ጣታቸው ጫን አሉት። ዘመም አለ፤ እኔ የቆረጥኳት እግር አጥራለች።

«ይወዛወዛል» አሉ።

«ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ እሱ።

እናቱና እኔ እኩል ዞረን አየነው። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ዳይሬክተሯ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ልክ እንደኔ እየቆጠቡ ነው የሚስቁት። እኔ ቁራጭ የመጋረጃ ጨርቅ አጣጥፌ ከእግሩ ሥር ሸጎጥኩ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «እኔ አልመጣም፣ አንተ ትመጣለህ» አልኩት። «እሰይ» አለ፤ ቀጥሎ ፋብሪካውን ምን ልበላቸው ብሎ አማረረ። እውነት ነው፣ ጥሩ ሥራ ነበር። ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ ቆጭ ይለኝ ይሆናል። ሹፌሩ ደግሞ የስፌት መኪናዬን ከፒካፑ ሲያወርድ እያጉረመረመ ነው።

«ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ጠዋት አልተለካሁም ነበር» አልኩት። እብድ ናት ብሎ ሄደ።

ዳይሬክተሯ ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ሻይ ሳሎን ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። እኔ እንደ ልማዴ ጫማዬን ልጠርግ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው በሰጋቱራ የነጣ ጫማቸውን አዩ። «ተይው፣ የኔም ቆሽሿል» ብለው ገቡ።

«እንሂድ» አለኝ እሱ። ሁልጊዜ ቆይ የሚለው ሰው፣ ዛሬ እንሂድ አለ።

«ቆይ» አልኩት እኔ።

የጠቀለልኩትን ጨርቅ ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መስመሩ ገና አልጠፋም። መቀሴን አነሳሁ። ቆሜ፣ እጄን ብቻ ዘርግቼ፣ ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩት። አልተንበረከክሁም፣ አላጎነበስኩም፣ የምይዘው ግድግዳ አላስፈለገኝም። ጨርቁ ሁለት ቦታ ሲለያይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ደንግጦ ሮጦ መጣ። «ወገብሽን አመመሽ?»

«አላመመኝም» አልኩት። «እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»